ነፋሱ የት ገባ? የመኪና ሂተር፣ የቫኪዩም ጣጣና የአዲስ አበባ ከፍታ

ሐምሌ ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም፣ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ መናኸሪያ በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው የምነግረውን ያውቀዋል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ አላባራም። የሁሉም ልብስ ርሷል፤ ጃንጥላው እግር ሥር ይንጠባጠባል። መስኮት የሚከፍት የለም። አንዱ ደፍሮ ገርበብ ቢያደርግ ከኋላ «ኧረ ዝጉልን፣ ብርድ መታን» ይባላል። የፊት መስታወቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ወተት ይነጣል። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው በጨርቅ ይወለውላል፤ የወለወለው ቦታ መልሶ ያልበዋል። ሂተሩ ተከፍቷል፣ ድምፁም ይሰማል፤ ነፋሱ ግን መስታወቱ ጋ አይደርስም።

በአዲስ አበባ የመኪና ሂተር ሲበላሽ «ይቆይ» ይባላል። ብርዱ ያን ያህል አይደለም፣ ጃኬት አለ፣ መንገዱም ቅርብ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በእኛ ከተማ ሂተር ከመሞቅ ይልቅ የማየት ጉዳይ ነው፤ ፍሬን እንደማይቆይ ሁሉ እሱም ሊቆይ አይገባም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባላበው መስታወት የሚነዳ ሰው እግረኛውን የሚያየው ከተጠጋው በኋላ ነው። ስለዚህ የነፋስ መድከምንና የቫኪዩምን ነገር በመንገዳችን ላይ ያሉትን መኪኖች እየተከተልኩ ላነሳው ፈልጌአለሁ፤ ጋራዦቻችን የሚሳሳቱበትንም አልደብቅም።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኮሮላዬ ነፋስ ደከመ። ካዛንቺስ ውስጥ ለውስጥ ከነበሩት ጋራዦች ወደ አንዱ ወሰድኩት። መካኒኩ ማብሪያውን አንድ ጊዜ አዙሮ «ብሎወሩ ሞቷል» አለኝ፤ አየሩን የሚገፋውን ማራገቢያ ማለቱ ነው። ተቀየረ፤ ከፈልኩ፤ ነፋሱ ያው እንደደከመ ቀረ። ሌላ ጋራዥ ስወስደው ልብሳቸው በግራሶ የተለወሰ አንድ አረጋዊ መካኒክ ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ ኪስ አውልቀው እጃቸውን ሰደዱና ጥቁር፣ እንደ ደረቀ ቆዳ የተጣበቀ ነገር አወጡ። የካቢኑ ፊልትሮ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ በስንት ጊዜ ነው የሚቀየረው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ በእኛ አቧራ በየዓመቱ ነው። ከፍቶ የሚያየው የለም እንጂ» አሉኝ። አዲሱ ፊልትሮ ሲገባ ነፋሱ ተመለሰ። የተጣለው ብሎወር ደህና ነበር።

ባለመኪናው «ሂተሬ አይሠራም» ሲል ሦስት የተለያየ ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ከሁሉም ቀዳዳ ደክሞ ይሆናል። ወይም ነፋሱ ብርቱ ሆኖ ሳለ ወደታዘዘበት መሄዱን ትቶ ሌላ ቀዳዳ ይመርጣል። ወይም ነፋሱም አቅጣጫውም ልክ ሆኖ አይሞቅም። የመጀመሪያው የአየሩ መንገድና የብሎወሩ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የውስጥ በሮቹና እነሱን የሚጎትተው ገመድ፣ ትንሽ ሞተር ወይም ቫኪዩም ጉዳይ ነው። ሦስተኛው በአብዛኛው የሞተሩ ውኃ ጉዳይ ነው። ሦስቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ አንዱ ሲታመም የሌላው ዕቃ ይቀየራል። ያየሁት ብክነት አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ነፋሱ የሚገባው ከዋይፐሩ ሥር፣ ኮፈኑና መስታወቱ ከሚገናኙበት ቦታ ነው። ከጽድ ወይም ከባሕር ዛፍ ሥር ያደረ መኪና ቅጠሉን በዚያ በኩል ያስገባል። ከዚያ ፊልትሮው አለ፤ ቀጥሎ ብሎወሩ፣ ቀጥሎ የኤሲው ቀዝቃዛ ራዲያተር፣ ቀጥሎ የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር፣ በመጨረሻም አየሩን ወደ መስታወት፣ ወደ ፊት ወይም ወደ እግር የሚልኩት በሮች። ፊልትሮው ወጥቶ ሳይተካ በቀረበት መኪና የበጋው አቧራ በኤሲው እርጥበት ላይ እየተለጠፈ ጭቃ ይሆናል። ሲደርቅ የራዲያተሩን ክንፎች እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል። ይህን ከውጭ ማየት አይቻልም፤ ብሎወሩን ፈትቶ በመብራት ውስጡን መመልከት ያስፈልጋል።

ጆሮ እዚህ ላይ ትልቅ መሣሪያ ነው። የታፈነ ብሎወር የሚገፋው አየር ስለሌለ ይቀለዋል፤ ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ድምፁ ብርቱ ሆኖ ነፋሱ ካነሰ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ብሎወር መቀየር አይጠቅምም። ድምፁም ነፋሱም አብረው ከደከሙ ግን ጥፋቱ ወደ ብሎወሩ ካርቦንና ኩሽኔታ፣ ወይም ወደ ኤሌክትሪኩ ያዘነብላል። የዚያን ጊዜ በብሎወሩ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልቴጅ ማብሪያው መጨረሻው ላይ ሆኖ መለካት ነው። ባትሪው ላይ 12 ተኩል እየተነበበ ብሎወሩ ጋ 9 ብቻ ከደረሰ ሌባው ሽቦው፣ ማብሪያው ወይም የተቃጠለ ሶኬት ነው። በዝቅተኞቹ ፍጥነቶች ጨርሶ ጠፍቶ በመጨረሻው ብቻ የሚነፍስ ብሎወር ደግሞ ሬዚስተሩ ተቃጥሏል፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ መቀየሯም የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አንድ የተረሳ ነገር አለ። መኪና ውስጥ የገባ አየር መውጣት አለበት። አብዛኞቹ የዘመኑ መኪኖች ከኋላ፣ ከመከላከያው ወይም ከሻንጣ መጫኛው ጎን፣ አየር የሚያስወጡ የጎማ ልሳኖች አሏቸው። አካል ሲጠገን ተዘግተው ወይም ምንጣፍ ተጭኗቸው ሊቀሩ ይችላሉ። መስኮት ትንሽ ሲከፈት ነፋሱ በድንገት ከበረታ መጀመሪያ የሚታየው መውጫው ነው።

አሁን ወደ ቫኪዩሙ፤ ጋራዦቻችን ለምን እንደሚቸገሩበት ለመረዳት ግን ከቋንቋቸው እንጀምር። የካዛንቺስ ስም ራሱ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ የቀረ ነው፤ ኢንቺስ የተባለው የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የቤት ተቋም ካሠራቸው ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው መጣ። የጋራዡም ቋንቋ ብዙው ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ሚኒሞ። በጣሊያንኛ የተጠሩትን ዕቃዎች መካኒኮቻችን ከአባት ወደ ልጅ ሲቀባበሏቸው ስለኖሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቋቸዋል። ቫኪዩም ግን ኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት ከፍሬኑ ሰርቮ ጋር ብቻ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ የአየር መግቢያው ቢራቢሮ ስለሚዘጋ ማኒፎልዱ ውስጥ አየሩ ይሳሳል፤ ይህ መሳሳት ነገር ይጎትታል። የአሜሪካኖቹ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር እንዲሁም መርሴዲስ ለብዙ ዓመታት የሂተሩን በሮች በዚህ ጉልበት አንቀሳቅሰዋል። ከማኒፎልዱ ቀጭን ቱቦ ይነሳል፤ አየር ወደ አንድ ወገን ብቻ በሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ያልፋል፤ ጉልበቱን በሚያጠራቅም ባዶ ቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ኳስ በኩል ወደ መቆጣጠሪያው ይገባል። ከዚያ ውስጣቸው የላስቲክ ሽፋን ወዳላቸው ትንንሽ ክብ ዕቃዎች ይሰራጫል፤ በሮቹን የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። መሐንዲሶቹ ያሰቡበት ነገርም አለ። በብዙዎቹ የአሜሪካ መኪኖች ቫኪዩሙ ሲጠፋ ነፋሱ በራሱ ወደ ፊት መስታወት ይሄዳል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ሾፌሩ ማየት እንዳያቅተው ነው።

የቫኪዩም ፍሳሽ ምልክት የማያሳስት ነው። ከመስቀል አደባባይ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽኑ በኩል ወደ ሂልተን ስትወጡ፣ ነዳጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ፣ እግራችሁ ላይ ይነፍስ የነበረው አየር ወደ መስታወቱ ይሸሻል፤ እግራችሁን ስታነሱ ይመለሳል። ዳገት ላይ ቢራቢሮው ስለሚከፈት ቫኪዩሙ ይወድቃል። ኳሱና አንድ ወገን ቫልቩ ደህና ቢሆኑ ያጠራቀሙት ያሻግራችሁ ነበር። ስለዚህ ወይ ቫልቩ ወደኋላ ያፈስሳል፣ ወይ ኳሱ ተሰንጥቋል፣ ወይ ከላስቲኮቹ አንዱ ተቀዷል። ብሎወሩን መንካት አያስፈልግም፤ ነፋሱ አልደከመም፣ መንገድ ነው የሳተው።

ከሁሉም በላይ ልናገረው የምፈልገው የከፍታውን ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ ሲነገር የሰማሁት በጣም ጥቂት ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ቢያልፍ በጥቂቱ ነው። የጥገና መጻሕፍቱ የተጻፉት ለዲትሮይት፣ ለሽቱትጋርትና ለናጎያ ነው። ደህና የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 የሜርኩሪ ኢንች ቫኪዩም ያሳያል ይላሉ። በየ1,000 ጫማው ከፍታ ግን ወደ 1 ኢንች ይቀነሳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ7,700 ጫማ በላይ ናት። ስለዚህ ካዛንቺስ ላይ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተር ከ9 እስከ 13 ግድም ቢያሳይ የሚጠበቅ ነው።

ይህን የማያውቅ መካኒክ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። የቫኪዩም ጌጁ 12 ሲያሳየው መጽሐፉን አምኖ ሞተሩ ታሟል ይላል፤ ቫልቭ ይፈታል፣ ጋስኬት ይቀይራል፤ ደንበኛው ያልታመመበትን ያሳክማል። በሌላ በኩል ጉልበቱ ከመነሻው ያነሰ ስለሆነ ባሕር ዳርቻ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ስንጥቅ እዚህ በሮቹን ያቆማቸዋል። «ጂቡቲ ደህና ነበር፣ እዚህ ሲደርስ ተበላሸ» የሚባል መኪና ሳይጠገን ይቆይና የሚገኘው ጥፋት አንድ የደረቀ ጎማ ቱቦ ሊሆን ይችላል።

የብሎወሩም ነገር ከዚህ አይወጣም። ብሎወር የሚገፋው አየር በመጠን ያው ነው፤ እዚህ ግን አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ያን ያህል ሙቀት አይሸከምም። በቆላ በቂ የነበረ ግማሽ የታፈነ ፊልትሮ እዚህ ሲመጣ አይበቃም። ስለዚህ ፊልትሮ በኪሎ ሜትር ይቀየር የሚለው የመጽሐፉ ምክር ለእኛ ከተማ የላላ ነው፤ የአረጋዊው መካኒክ «በየዓመቱ» ለእኔ የተሻለ ሕግ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ፍሳሹን መፈለግ ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በእጅ የምትሠራ የቫኪዩም ፓምፕ አንድ ሰዓት ከሚፈጅ ግምት ትሻላለች። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ለብቻ ነጥሎ፣ ስቦ፣ ጌጁን ማየት ነው፤ ከወደቀ ፍሳሹ በዚያ ቅርንጫፍ ነው። ቀጭን ቱቦ ወደ ጆሮ አስጠግቶ ፉጨቱን መከተልም ይሠራል። ሞቃት ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ ሚኒሞው ሲለወጥ ማየት ግን አትሞክሩት፤ እሳት ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሶማሌ ተራ የምትገዙ ከሆነ የላስቲኩን ክብ ዕቃ እዚያው ሻጩ ፊት በንጹሕ ቱቦ ሳቡትና ቱቦውን ቆንጥጡት። ክንዱ ተጎትቶ ከቆየ ግዙት፤ ቀስ እያለ ከተመለሰ ተቀዷል።

ናፍጣ ሞተር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በባህላዊው ናፍጣ ሞተር ቢራቢሮ ስለሌለ ማኒፎልዱ ውስጥ የሚረባ ቫኪዩም የለም፤ ለብቻው ፓምፕ ይሠራለታል። በብዙዎቹ የቶዮታና የኢሱዙ ናፍጣዎች ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተጣብቆ ይገኛል። በቆዩት የመርሴዲስ ናፍጣዎች ደግሞ ያ አንድ ፓምፕ ፍሬኑንም፣ የበሮቹን መቆለፊያም፣ ሞተር ማጥፊያውንም ያገለግላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራውን፣ 123 የሚባለውን መርሴዲስ የያዘ ሰው ቁልፉን አውጥቶ ሞተሩ አልጠፋም ቢል አይገረምም። ቫኪዩም እየፈሰሰ ነው፤ ፍሳሹም ከኋላ በር መቆለፊያ ወይም ከሂተሩ ላስቲክ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጥፋት «የሂተር ነው» ተብሎ ሊናቅ አይገባም፤ ከዚያው ምንጭ የሚጠጣው ፍሬን ነውና።

ለአብዛኛው አንባቢ ግን ደስ የሚል ዜና አለ። የከተማችንን መንገድ የሞሉት ኮሮላና ቪትዝ በሮቻቸውን የሚያንቀሳቅሱት በገመድ ወይም በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በእነዚህ መኪኖች ሂተር ላይ «ቫኪዩም ነው» የሚላችሁ ካለ ቱቦውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከዳሽቦርዱ ውስጥ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከመጣ የሞተሩ የፕላስቲክ ጥርስ ተሰብሯል፤ መቀየሪያው ከብዶ ወይም ላልቶ ከሆነ ገመዱ ወልቋል። ሚኒባሶቹም ላይ ብዙ ጊዜ ያየሁት ችግር ከዚህ የረቀቀ አይደለም፤ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረው መቀየሪያ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ይቀመጣል። የአሥራ ሁለት ሰው ትንፋሽ ተመልሶ መስታወቱ ላይ ይነፍሳል። ያቺን መቀየሪያ ወደ ውጭ አየር ማዞር፣ ኤሲ ካለ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ማብራት መስታወቱን ያጸዳዋል፤ ኤሲው አየሩን ያደርቀዋል፣ ሂተሩ ያሞቀዋል።

ቮልስዋገን፣ ያቺ የድሮዋ ቮልስ፣ ለብቻዋ መነሳት አለባት። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የሂተር ውኃ የላትም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አየሩን በማርሚታው አካባቢ ባሉ ማሞቂያዎች አሳልፎ፣ በበሮቹ ሥር ባሉ የቆርቆሮ መተላለፊያዎች ወደፊት ይልከዋል። ሞተር ሲፈጥን ነፋሱ ይበረታል፣ ሲያዘግም ይሞታል፤ ይህ ጥፋት ሳይሆን አሠራሯ ነው። መተላለፊያዎቹ ሲዝጉ ግን ነፋሱ መንገድ ላይ ይቀራል። ማሞቂያዎቹ ከተበሱ ደግሞ የጭስ ማውጫው ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። የጭስ ሽታ ያለባት ቮልስ ሂተሯ እስኪታይ ድረስ ተዘግቶ፣ መስኮቷ ተከፍቶ ትነዳ።

ሦስተኛውን ቅሬታ በአጭሩ ላንሳ። ነፋሱ ብርቱ ሆኖ የማይሞቅ ከሆነ ወደ ሂተሩ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁለት ቱቦዎች ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በጥንቃቄ መንካት ነው። ሁለቱም ከሞቁ ውኃው እየዞረ ነው፣ ሞቃቱን አየር የሚያሳልፈውን በር ፈልጉ። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ትንሹ ራዲያተር ተደፍኗል ወይም ቫልቩ ተዘግቷል። ለዚህ መደፈን ተጠያቂው በኩላንት ፋንታ የሚጨመረው የቧንቧ ውኃ ነው፤ ዝገትና ደለል ያመጣል። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ቴርሞስታቱ የለም ማለት ይሆናል። «መኪናው እንዳይሞቅ» ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ሥር የሰደደ ልማድ ነው፤ ለብርዳማ ከተማ ደግሞ የተገላቢጦሽ መድኃኒት ነው። ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሂተሩም ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውኃ 92 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሚፈላ ሰው መፍራቱ ይገባኛል፤ የሚያድነው ግን ግፊት የሚይዝ ደህና የራዲያተር ክዳን ነው። የሚያፈስ የሂተር ራዲያተርን በአንድ ቱቦ አሳልፎ መዝጋትም ለአንድ ሳምንት መፍትሔ ነው፤ ከክረምት እስከ ክረምት ሲቆይ ግን መኪናውን ማሳወር ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካደረገ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል። የሞተር ሙቀትም የማኒፎልድ ቫኪዩምም የላቸውም፤ ሙቀቱን ከባትሪው ይወስዳሉ። ብሎወሩ፣ ፊልትሮውና የዋይፐሩ ሥር ቅጠል ግን አብረዋቸው መጥተዋል። አዲስ መኪና ስለሆነ ፊልትሮው አይታፈንም የሚል ካለ ከአንድ በጋ በኋላ ከፍቶ ይየው።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሰፊው ክፍሉ ፈርሷል፤ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል፤ እነዚያ የውስጥ ለውስጥ ጋራዦችም ተበትነዋል። አሁን በዚያ ሳልፍ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል። ኪሱን አውልቀው ፊልትሮውን ያወጡልኝ አረጋዊ የት እንደሚሠሩ ጠይቄ አላገኘኋቸውም። እሳቸው በጆሯቸው የሚያውቁት፣ ነፋሱ ታፍኖ ይሁን ሞቶ በድምፁ የሚለዩት ነገር በየትኛውም መጽሐፍ በአማርኛ ተጽፎ አላየሁም።

በተግባረ ዕድም ሆነ በሌሎች የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የምታስተምሩ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የቫኪዩም ጌጅ ስታሳዩ ከመጽሐፉ 17 እና 21 አጠገብ የአዲስ አበባን 9 እና 13 ጻፉላቸው። እናንተ ባለመኪኖችም በመጪው ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ፊልትሮውን አስከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት።